የ417 ባዶ ቦታ

የዳቦው ጋሪ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከዜሮ ይነሣል። ሹፌር የለውም፤ ሹፌር ያለው ጋሪ የሎሚ ሰፈር ልጆች በሥዕል እንጂ በዓይናቸው አላዩም። ነዋሪው ሁሉ ቁጥሩ በተጻፈበት ንጣፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ጋሪው ፊቱ ሲደርስ ቁጥሩን ይጠራል፣ ባለቁጥሩ «አለሁ» ይላል፣ ዳቦው ይወጣለታል። ይኸው ነው። የቆመ ይቆጠራል፣ ያልቆመ ይፈለጋል። በሁለት ሺህ ሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት አዳማ ከተማ ውስጥ በዚህ የሚገረም ሰው ከተገኘ ወይ እንግዳ ነው ወይ አርጅቷል።

ሰልፉ ዜሮ ብሎ ይጀምራል። ዜሮ እማማ አፀደ ናቸው፤ ዘጠና አራት ዓመታቸው ነው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው የመጀመሪያዋ ንጣፍ ላይ ሲቆሙ ሰፈሩን በሙሉ የወለዱት ይመስላቸዋል። «ከእኔ በፊት ቁጥር የለም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ከእሳቸው ኋላ ሰው ወደ ሰፈሩ በገባበት ቅደም ተከተል ተደርድሮ፣ በጤና ጣቢያው አጥር ጥግ ታጥፎ፣ 1311 ላይ ያልቃል።

ዘርይሁን 902 ነው። ንጣፉ ሰልፉ የሚታጠፍበት ጥግ ላይ ስለሆነ የሚስቱ የሰናይት ጀርባ ወለል ብሎ ይታየዋል። እሷ 418 ናት። ትዳር ቁጥር አያቀራርብም፤ ከተጋቡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፣ አንድ አልጋ ላይ ያድራሉ፣ ጠዋት ግን በመካከላቸው አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሰው ይቆማል። ዘርይሁንን ያንገበገበው ይህ አይደለም። ያንገበገበው ከፊቷ ያለው ነው።

ከፊቷ ማንም የለም። 417 የአንድ እርምጃ ስፋት ያለው ባዶ ንጣፍ ነው፤ ቦታው የሰናይት የመጀመሪያ ባል የወንድይፍራው ነበር። ወንድይፍራው ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ጋሪው ግን በየጠዋቱ ባዶው ንጣፍ ፊት ይቆማል፣ «417» ብሎ ይጠራል፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ይጠብቃል፣ ከዚያ ወደ ሰናይት ያልፋል። ሰናይት ደግሞ ዘንቢሏን የምታስቀምጠው እዚያው ላይ ነው። ባዶ ዘንቢል ምን ይከብዳል? በእጇ ልትይዘው ትችላለች። እሷ ግን ጎንበስ ብላ፣ በቀስታ፣ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ የፈራች ይመስል ታስቀምጠዋለች። ዘርይሁን ይህን በየጠዋቱ ያያል። በሕይወት ባለ ወንድ የሚቀና ሰው ቢያንስ የሚደባደበው አለው፤ እሱ የቀናው በንጣፍ ነው።

የሰፈሩ ደንብ እንዲህ ነው። ሰው ሲሞት ወይም ሰፈሩን ሲለቅ ቁጥሩ ባዶ ይሆናል፤ የትዳር ጓደኛው በአውራ ጣቱ «ይለቀቅ» እስኪል ድረስም ባዶ ሆኖ ይቆያል። በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ የተለቀቁት ክፍተቶች ይደፈናሉ፣ ዝርዝሩ ከዜሮ እንደገና ይቆጠራል፣ ከክፍተቱ ኋላ ያለው ሁሉ ወደፊት ጠጋ ይላል። አብዛኛው ሐዘንተኛ በሙት ዓመቱ ይለቃል። ሰናይት አልለቀቀችም። ቁጥሯ በየዓመቱ ሲቀንስ ክፍተቱም አብሯት ጠጋ ይላል፤ ዓምና እሷ 424 ስትሆን እሱ 423 ነበር። የትም ብትሄድ ከፊቷ ነው።

ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ የዘርይሁን ሥራ ነው። ተራ አስከባሪ ነው። ድሮ ተራ አስከባሪ ማለት መናኸሪያ ላይ ፊሽካውን አንጠልጥሎ «ተጠጉ፣ ግቡ» እያለ ሰውን ታክሲ ላይ የሚጭን ሰው ነበር አሉ። ዛሬ ተራ ቤት የሚባል ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ዝርዝር ይደረድራል፤ ፊሽካው ለወጉ ያህል አንገቱ ላይ ቀርቷል። ዘርይሁን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሌሎችን ሰዎች ሙታን ሲደፍን ኖሯል። የራሱን ጣውንት ግን መንካት አልቻለም።

ጣውንት አልኩ፤ ወንድ ለወንድ ጣውንት አይባልም ይሉኝ ይሆናል። ዘርይሁንን ቢያዩት ይሉት ነበር።

ወንድይፍራው በቀይ ክር የሚሰፋ ጃንጥላ ጠጋኝ ነበር። አዳማ ላይ ፀሐዩም ዝናቡም ጃንጥላ ስለሚፈልግ ሥራ አያጣም ነበር። ከመናፈሻው በታች ያለችው ሱቁ ከሞተበት ቀን ጀምሮ ተዘግታለች፤ በሯ ከእሱ ቁጥር ሌላ አያውቅም። በሎሚ ሰፈር አውራ ጣት ቁጥሩን ይናገራል፣ ቁጥሩ በሩን ይከፍታል። ቁጥሩ ከተለቀቀ በዚያው ቀን ሠራተኞች መጥተው ሱቋን ጠራርገው ለተረኛ አመልካች ይሰጣሉ፤ ማንንም አያስገቡም። ሰናይት ከሥራ ስትመለስ አቋራጭ መንገድ እያላት በሱቋ በኩል ትዞራለች። ዘርይሁን አንድ ቀን ተከትሏት አይቷል። በሩን በመዳፏ ነካ አድርጋ አለፈች፤ ሌላ ምንም አላደረገችም። እሱ ግን ሳምንቱን ሙሉ መዳፏን ሲያይ ሰነበተ።

ነሐሴ ሲያልቅ፣ አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ ነገሩን አነሣው።

«ዘንድሮስ?» አለ ዓይኑን ከገበታው ሳያነሣ።

«ዘንድሮ ምን?»

«ጳጉሜ ደረሰ።»

ሰናይት ገባት። «ተው፣ ዘርይሁን።»

«ስድስት ዓመት ሞላው እኮ። የሞተ ሰው በየጠዋቱ በጋሪ ሲጠራ ትንሽ አያሳዝንሽም?»

«እህል አይበላ፣ ውሃ አይጠጣ፤ አንተን ምን አደረገህ?»

«እኔንማ ምን ያደርገኛል! 902 ላይ ፀሐዬን እየሞቅሁ ነው።»

ሰናይት ፈገግ አለች። የጎረሰችውን ዋጥ አደረገችና፣ «እንዲያውም አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር» አለች። «ስለ ሱቁ...»

የዘርይሁን ፊት ተለዋወጠ። እጁን ከገበታው ሰበሰበ። «ስለ ሱቁ ምን?»

ሰናይት አየችው። ያየችውን አልወደደችውም። «ተወው» አለች፤ «ብላ።»

አልበላም። ምን ልትለው እንደነበር ከዚያ ቀን ጀምሮ ሺህ ጊዜ አሰበ፤ ሺህ ጊዜም የከፋውን አሰበ። ሱቋን እንዳታጣ ልትለምነው ነው። ወይም ሰውዬውን በሕልሟ አይታዋለች። ቅናት የያዘው ሰው መልስ ከሌለው ጥያቄ ጋር ማደር ይወዳል፤ ጠይቆ መገላገልን የመሰለ ነገር አይወድም።

ጳጉሜ ሦስት ሩፋኤል ነው። እኩለ ቀን ላይ ዝናቡ ወረደ፣ ልጅ አዋቂው ሊጠመቅበት ወጣ፤ የተራ ቤት ሠራተኞችም ከአለቃቸው ከወይዘሮ ረድኤት ጋር ጫማቸውን አውልቀው ግቢው ውስጥ ገቡ። ቀንም ቢሆን ክፍሉ ጭር አለ። ዘርይሁን በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴትዮ ጃንጥላ ይዛ ቆማለች፤ ጃንጥላው በቀይ ክር ተጠግኗል። ጥገናው የማን እጅ እንደሆነ ማንም አልነገረውም፣ ግን አወቀ።

ዝርዝሩን ከፈተ።

በተራ ቤት ዝርዝር የሚደረደርበት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሰውን ከነቁጥሩ ያሰልፋል፣ ክፍተቱንም እንደ ክፍተት ይተወዋል። ሁለተኛው የተለቀቀውን ደፍኖ ቁጥሩን ሁሉ ይጥልና ከዜሮ አዲስ ያድላል። የዘንድሮ ክፍተቶች ከ1200 በኋላ ያሉ፣ መጥተው ሳይከርሙ የሄዱ አዲስ ገቢዎች ቦታዎች ነበሩ፤ አውራ ጣታቸው ሁሉ ተሟልቷል። 417 ብቻ ጣት አልነበረውም። ለእንዲህ ያለው ጊዜ አንድ ቃል አለች። የአልጋ ቁራኛ የሆነች መበለት እጇን ማንሣት ሲያቅታት ተራ አስከባሪው በእሷ ስም «በዝምታ ተለቋል» ብሎ ይጽፋል። ዘርይሁን በአሥራ አንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ጽፏታል፤ ሁለቱንም ጊዜ አልጋው አጠገብ ሄዶ፣ ዓይናቸውን አይቶ ነው።

በ417 ፊት ለፊት «በዝምታ ተለቋል» ብሎ ጻፈ። ደፈነ። ከዜሮ ቆጠረ። ሥራው ጋሪው ባዶውን ንጣፍ ከሚጠብቅበት ጊዜ ብዙም አልበለጠ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ዝናቡ ውስጥ ገባና ከሰው ጋር ሳቀ።

አዲሱ ቁጥር የሚጸናው መስከረም አንድ ጎህ ሲቀድ ነው። የሚታወቀውም ሰልፉ ላይ ነው፤ ንጣፉ ባለቤቱ ሲረግጠው አረንጓዴ ይበራል፣ ሌላ ሰው ሲረግጠው ቀይ። እማማ አፀደ አዲስ ነጠላቸውን ለብሰው ዜሮ ላይ ወጡ፣ አረንጓዴ በራላቸው፣ «እንኳን አደረሳችሁ» አሉ ለሰፈሩ በሙሉ። ዘርይሁን 901 ላይ ወጣ። አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዷል። ከዚያ ወደ ሚስቱ ተመለከተ፤ ሌሊቱን ሲጠብቀው ያደረው ነገር ነው።

ሰናይት 418ን ረገጠች። ቀይ። ወደ ኋላ ብላ 419ን ሞከረች፣ ቀይ። ከኋላዋ የሚቆመው ፍሰሐ የተባለው የዋና አሰልጣኝ በሳቅ እያለፋት 418 ላይ ወጣ፣ አረንጓዴ በራለት። ሰናይት ዙሪያዋን አየች። ያልበራው ንጣፍ አንድ ብቻ ነው። አንድ እግሯን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ ደግማ አነሣችና 417 ላይ ቆመች። አረንጓዴ በራ።

ዘርይሁን ያኔ ገባው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲቆጥር የኖረ ሰው የረሳው ነገር ይህ ነበር፤ ሰው ይቀበራል እንጂ ቁጥር አይቀበርም። ክፍተት ሲደፈን ቁጥሩ አይጠፋም፣ ከኋላ ያለው ሰው ይወርሰዋል። ከወንድይፍራው ኋላ የነበረው ማን ነው? ይህን ለማወቅ ዝርዝር መክፈት አያስፈልግም ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏችኋል ይኼ ነው።

ጋሪው መጣ። 416ን አልፎ ቆመ።

«417» አለ።

አንድ ትንፋሽ ያህል ጸጥታ ሆነ።

«አለሁ» አለች ሰናይት።

ዳቦዋን ተቀበለች። ዘንቢሏን የምታስቀምጥበት ቦታ ስላልነበረ ክንዷ ላይ አንጠለጠለችው። ከዚያ ዞር ብላ ከሰልፉ ራስ በላይ አሻግራ አጥሩ ጥግ ላይ ያለውን ባሏን አየችው። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። ዘርይሁን ግን ዓይኑን ሰበረ።

መዓቱ የጀመረው ሰው ወደየቤቱ ሲመለስ ነው። ተራ ቤት ውስጥ ሁለት ዝርዝር አለ፤ የሰው ዝርዝር የዘርይሁን ነው፣ የበር ዝርዝር የወይዘሮ ረድኤት። የበሩ ዝርዝር የሚያምነው በአውራ ጣት ብቻ ነው፤ «በዝምታ ተለቋል» ለሚለው ቃል የባለሥልጣን ፊርማ እስኪመጣ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ሰዉ በሙሉ ከ417 ወዲህ አንድ አንድ ሲጠጋ በሮቹ ባሉበት ቀሩ። የእያንዳንዱ ሰው ጣት የሚከፍተው የሰልፍ ጎረቤቱን ቤት ሆነ። የራሱ በር «የእርስዎ በር ይህ አይደለም» እያለ ወደ ትክክለኛው ይመራዋል። የሎሚ ሰፈር ሰው የተባለውን የሚሰማ ነው። አንዳንዱ አጉረመረመ፣ አንዲት ሴት አለቀሰች፤ ቀትር ሲሆን ግን ሁሉም ቁጥሩ ያዘዘለት ቤት ገብቶ የሰው ድስት ጥዶ ነበር። ልጆች የማያውቁት አልጋ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ዘርይሁን አውራ ጣቱን በገዛ በሩ ላይ ሦስት ጊዜ ጫነ። ቤቱ የተመዘገበው በ418 ነው፤ እሱ የሚገባው የ418 ባል ሆኖ ነበር። አልተከፈተም። አራተኛውን ሊሞክር ሲል በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ፍሰሐ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፣ ወንደላጤ ነው፣ ትከሻው በሩን ሞልቶታል፣ እግሩ ላይ የዘርይሁንን ነጠላ ጫማ አጥልቋል።

«ጋሽ ዘርይሁን! እንኳን አደረሰህ። ግባ፣ ግባ።»

በገዛ ቤቱ ግባ ተባለ።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«በሩ ነዋ! ቤትህ ይኼ ነው አለኝ። ቁጥሬ ካለ እኔ ምን ላድርግ?» ፍሰሐ በእጁ የያዘውን ጉርሻ ዋጠ። «ወጥ አግኝቼ አሙቄ ነበር። የእትዬ ሰናይት እጅ ይባረክ፣ እንዲህ ያለ ወጥ ስትበላ ኖረህ ነው ዝም ያልከው?»

ዘርይሁን ጫማውን አየ። የሞተውን ወንድ ከሚስቱ ፊት አነሣለሁ ብሎ ያለውን ወንድ ከነጫማው ቤቷ አስገብቷል።

«ሰናይትስ?» አለ።

«እሷንማ በሩ ወደ ታች ላካት። መናፈሻው ጋ አሏት መሰለኝ።»

ሮጠ። በዓመት በዓል ልብሱ፣ በአደባባይ፣ ፊሽካው ደረቱን እየደበደበው ሮጠ።

የሱቋ በር ገርበብ ብሏል። ውስጧ የስድስት ዓመት አቧራ አለ። ከጣራው ላይ ጃንጥላዎች ተዘቅዝቀው ተንጠልጥለዋል፤ እያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም በብጫቂ ወረቀት ተጽፏል፤ ቁጥር አይደለም፣ ስም ነው። ሰናይት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷ ላይ አንድ ያልተጨረሰ ጃንጥላ ዘርግታለች። ቀይ ክሩ መርፌው ላይ እንዳለ ነው።

«አውራ ጣቴን መቼ ሰጠሁህ?» አለች ቀና ሳትል።

ዘርይሁን ፊሽካውን ሸሚዙ ውስጥ ከተተ።

«ታምሜ ተኝቼ ነበር? መናገር አቅቶኝ ነበር?»

«ሰናይት፣ ስሚኝ...»

«እኔ ዝም ያልኩት እሺ ብዬ ነው?»

«ሞቷል እኮ!» አለ ዘርይሁን። አወጣው በመጨረሻ። «ሰውዬው ሞቷል! ከፊትሽ ቆሞ ሳየው፣ በየጠዋቱ ሲጠራ ስሰማው፣ እኔ ምን ልሁን? እኔ ባልሽ ነኝ!»

«ሞቷል» አለች ሰናይት። «እኔ ነኝ የቀበርኩት። አንተ ነህ ያስነሣኸው።»

ጃንጥላውን አጠፈችና ጎኗ አስቀመጠችው። «አንድ ቀን ብቻ ነበር የፈለግሁት። አንድ ቀን ገብቼ፣ የተወውን አይቼ፣ የሰዉን ጃንጥላ ለየባለቤቱ መልሼ፣ ከዚያ በአውራ ጣቴ ልለቀው። ተራ አስከባሪ ነህ፤ 'አንድ ቀን በሩን አስከፍትልኝ' ልልህ ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ስሙ ሳይነሣ ገና ፊትህ ይጠቁራል።»

እሑድ ምሳ ላይ ልትለው የነበረው ይህ ነበር። ዘርይሁን ግድግዳውን ተደገፈ።

«አሁን እንመለስ» አለ። «ዝርዝሩን እመልሰዋለሁ። ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።»

«ሂድ መልስ» አለች።

ዝርዝሩ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ያረመችው ወይዘሮ ረድኤት ናት። «አቶ ዘርይሁን፣ እርስዎ ከእንግዲህ ዝርዝር አይነኩም» አለችው፤ ድምፅዋን እንኳን ከፍ አላደረገችም። ፊሽካው ተረፈለት፤ ውጭ ሰልፉ ዳር እንዲቆም ተመደበ። ነዋሪው ሁሉ «ወደ ነበርኩበት ልመለስ» ብሎ አውራ ጣቱን አኖረ፤ የተሻለ ቤት የደረሳቸው ጥቂቶች እንኳን እያጉረመረሙም ቢሆን አኖሩ። አንድ ሰው ብቻ አላኖረም።

ደንቡ አንድ አንቀጽ አለው። መስከረም አንድ ጎህ ሲቀድ የያዘውን ቁጥር ሰው ከፈለገ ይዞት መቆየት ይችላል፣ የቀድሞ ባለቁጥሩ መልሱልኝ ካላለ። ወይዘሮ ረድኤት እንደ ደንቡ ሦስት ቀን ጠበቀች። የ417 የቀድሞ ባለቁጥር አልጠየቀም።

ሰናይት ልብሷን ወደ ሱቋ ወሰደች። የስድስት ዓመት ጃንጥላዎችን ለየባለቤቱ መለሰች፤ ባለቤቶቹ አዲስ የተቀደደ ጃንጥላ ይዘውላት መጡ። ዘርይሁን ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ። ሁለተኛውን ጊዜ የሄዱት እማማ አፀደ ናቸው፤ ተመልሰው፣ «ልጄ፣ ቦታዋ ተመችቷታል» አሉት፣ ሌላም አልጨመሩ። ዓመቱ እንዲሁ አለቀ።

ጳጉሜ ሲደርስ ወይዘሮ ረድኤት የክፍተቶቹን ዝርዝር ይዛ ሰልፉ ዳር ድረስ መጣች።

«418» ብላ አነበበች። «ባዶ። የትዳር ጓደኛ፣ 902።» ቀና ብላ አየችው። «ይለቀቅ፣ አቶ ዘርይሁን?»

ዘርይሁን አውራ ጣቱን መዳፉ ውስጥ ደበቀ።

«እህል አይበላ፣ ውሃ አይጠጣ» አለ። «እርስዎን ምን አደረገዎ?»

ወይዘሮ ረድኤት አለፈች። ጋሪው ከዜሮ ተነሣ። ዘርይሁን ፊሽካውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ባዶውን ንጣፍ ጠበቀ፤ ባለፈው ወር አንድ አዲስ ገቢ ሳያውቅ ረግጦት እስኪደነቁር ድረስ ነፍቶበታል። ከንጣፉ ኋላ ፍሰሐ ትከሻውን ሰብስቦ እንዳይነካው ተጠንቅቆ ቆሟል። ቢሆንም ፍሰሐ ከእሷ ሁለት እርምጃ ላይ ነው፤ እሱ ራሱ የትና የት። ይህም ያንገበግበዋል፤ የለመደ አይተውም።

«417» አለ ጋሪው።

«አለሁ።»

ጋሪው አንድ እርምጃ ሄዶ ቆመ። «418» አለ። አንድ ትንፋሽ ያህል ጠበቀ። ዘርይሁንም ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ፤ ሰናይት ምናልባት ዛሬ ዞር ብላ ዘንቢሏን ከኋላዋ ታስቀምጥ እንደሆነ አየ። ጋሪው አለፈ። ዘንቢሉ ክንዷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።